በሬዎቹ፣ አበበ ቢቂላና የቅዳሜው ጨዋታ፦ እንግሊዝኛን ቀድሞ በሚታወቅ ታሪክ ማስተማር

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ ወይም የካ አባዶ የሚኖር የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሦስቱን በሬዎችና የአንበሳውን ተረት ንገረን ቢሉት ሳይደናቀፍ ይተርካል። ቅዳሜ ማታ ዲኤስቲቪ ቤት ያየውን ጨዋታ ደግሞ ደቂቃ በደቂቃ ይዘረዝረዋል፤ ማን አቀበለ፣ ማን ሳተ፣ ዳኛው የትኛውን ፋውል ዘለለ፣ አንድም አይቀረውም። ያው ልጅ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። በተለይ አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች ከውጭ በሚያስመጧቸው መጻሕፍት ውስጥ የሚያገኘው ስለ በረዶ ጨዋታ፣ ስለ ምድር ውስጥ ባቡር፣ ቀምሶት ስለማያውቀው ምግብ ነው። ቃሉም ጉዳዩም አዲስ ሆኖበት በየትኛው በኩል እንደሚይዘው ግራ ይገባዋል።

ልጁ ከቤቱና ከሰፈሩ ይዞት የመጣውን ታሪክ ዋና መማሪያ ማድረግ ይቻላል። ያው ታሪክ ግን ካልተጠነቀቁለት እንግሊዝኛውን ጨርሶ ሳይሰማ እንዲያልፍ በር ይከፍትለታል። ብዙ አስተማሪዎች የመጀመሪያውን ጥቅም ያውቁታል፤ ሁለተኛውን አደጋ ግን ተማሪው «ገባኝ» ስላለ ብቻ ሳያዩት ይቀራሉ።

ጉዳዩ ለነገ የሚባል አይደለም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ነበሩ። ውድቀቱን ሁሉ በእንግሊዝኛ ማላከክ አይቻልም፤ የመምህራን እጥረት አለ፣ የመጽሐፍ እጥረት አለ፣ ሌላም ሌላም። ነገር ግን ጥያቄውን አንብቦ ምን እንደተጠየቀ ያልገባው ልጅ መልሱን ቢያውቀው እንኳ የሚጽፍበት ቦታ አያገኝም። ከከተማው ዳር ያለ ተማሪ ደግሞ አራት ኪሎ ካለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለመድረስ ግማሽ ቀኑን ለሰልፍና ለታክሲ መክፈል አለበት። ስለዚህ እዚያው ሰፈሩ ውስጥ ካለው ነገር መነሳት ያስፈልጋል፤ ተረቱ፣ ኳሱ፣ የወላጅ ስልክና የፎቶ ኮፒ ቤቱ።

የሚታወቅ ታሪክ ምን ይሠራል?

ሰው የማያውቀውን ቋንቋ ሲያነብ ወይም ሲሰማ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል። አንደኛው ቃላቱንና የዓረፍተ ነገሩን አሠራር መፍታት ነው፤ ሁለተኛው ምን እየሆነ እንዳለ በአእምሮ መሳል። ታሪኩ ከታወቀ ሁለተኛው ሥራ አስቀድሞ ተሠርቷል፤ ትኩረቱ በሙሉ ወደ መጀመሪያው ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1979 ስቴፈንሰን፣ ጆግዴቭና አንደርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ይህን በሠርግ አሳይቶታል። ሕንዶችና አሜሪካውያን ስለ ሕንድ ሠርግና ስለ አሜሪካ ሠርግ የተጻፉ ሁለት ደብዳቤዎችን አነበቡ። እያንዳንዱ የገዛ ባህሉን ሠርግ በፍጥነት አንብቦ አብዝቶ አስታወሰ፤ የሌላውን ሲያነብ ግን ቀስ አለ፣ ያላነበበውንም ጨመረበት። የኛም ልጅ ስለ ሽምግልና፣ ስለ ጥሎሽና ስለ መልስ በእንግሊዝኛ ቢያነብ እንደዚያው ነው፤ ቃሉ ቢያመልጠው እንኳ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ያውቃል።

የተቃራኒው ምሳሌ ከራሳችን አገር አለ። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በቴሌቪዥን ስክሪን መሰጠት የጀመረው የፕላዝማ ትምህርት ለተማሪው አዲስ ትምህርት፣ አዲስ ቋንቋ፣ አዲስ የአነጋገር ቅላጼና ሊያስቆሙት የማይቻል ፍጥነት በአንድ ላይ ይዞ መጣ። ከአራቱ ሁለቱ ቀድሞ የሚታወቁ ቢሆኑ ኖሮ ሦስተኛውና አራተኛው ይቻሉ ነበር። አራቱም አዲስ ሲሆኑ ስክሪኑ ላይ ያለው ሰውዬ ተናግሮ ይሄዳል፤ መምህሩ በቀሩት ጥቂት ደቂቃዎች በአማርኛ ያስረዳል፤ ተማሪውም ያችን የአማርኛ ማብራሪያ ብቻ መጠበቅ ይለምዳል።

ታሪኩ ቢታወቅም የጽሑፉ ቃላት ልክ አላቸው። የቃላት ትምህርት ተመራማሪው ፖል ኔሽንና ባልደረቦቹ እንደሚሉት ያለ ረዳት አንብቦ ለመረዳት ከመቶው ቃል 98ቱ የሚታወቁ መሆን አለባቸው። 150 ቃል ባለው ተረት ውስጥ የማይታወቁት ከ3 መብለጥ የለባቸውም ማለት ነው። መምህር አጠገብ ካለ እስከ 95 በመቶ መውረድ ይቻላል፤ ያኔ የማይታወቁት 7 ወይም 8 ይሆናሉ። ከዚያ በላይ ከሆነ ልጁ ንባቡን ትቶ የቃል ትርጉም ለቀማ ውስጥ ይገባል።

የጋራ የሆነው የቱ ነው?

እዚህ ላይ የከተማው ዳርቻ የራሱ ጠባይ አለው። በአንድ ክፍል ውስጥ ከመሀል ከተማ በልማት ተነስተው የመጡ፣ ወላጆቻቸው ከክፍለ ሀገር የገቡ፣ እዚያው መሬት ላይ ከኖሩ የአርሶ አደር ቤተሰቦች የተወለዱ ልጆች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንዱ ቤቱ ኦሮምኛ ይናገራል፣ ሌላው ጉራጊኛ፣ ሌላው አማርኛ። መምህሩ «ይሄን የማያውቅ የለም» ብሎ የሚጀምረው ታሪክ ግማሹ ክፍል ጨርሶ ያልሰማው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ እጅ ማስወጣት ነው፤ የተረቱን ስም ጠርቶ «እስከ መጨረሻው መተረክ የሚችል?» ብሎ መጠየቅ። ከአራት ሦስቱ እጅ ካላነሱ ታሪኩ ገና የጋራ አልሆነም። አምስት ደቂቃ ወስዶ አንድ ጎበዝ ተራኪ ተማሪ በአማርኛ፣ ሌላው በኦሮምኛ እንዲያወራው ማድረግ የጋራ ያደርገዋል። ያች አምስት ደቂቃ የእንግሊዝኛ ጊዜ ስርቆት የሚመስላቸው ርእሰ መምህራን አሉ። ቀሪውን ሠላሳ አምስት ደቂቃ ፍሬ የሚያስይዘው እሱ ነውና ሊከለክሉት አይገባም።

የእንስሳት ተረት ከሁሉም የተሻለ መነሻ ነው። ጅብ፣ አህያ፣ ቀበሮ፣ ጦጣ፣ አንበሳ በየብሔረሰቡ ተረት ውስጥ አሉ፤ ታሪካቸው አጭር ነው፤ ድርጊቱ ሦስት ጊዜ ስለሚደጋገም ዓረፍተ ነገሩም አብሮ ይደጋገማል። የዮሴፍ ታሪክም በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤት ይታወቃል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ግን ሃይማኖት የሚሰበክበት ቦታ ስላልሆነ እሱን ለቤትና ለሰንበት ትምህርት ቤት ወይም ለመድረሳ መተው ይሻላል። የአለቃ ገብረ ሃና ቀልዶች ልጆቹ የሚወዷቸው ቢሆኑም አብዛኞቹ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ሳቁ ያለው በቃሉ ሰምና ወርቅ ውስጥ ስለሆነ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ይጠፋል፤ መምህሩ ቀልዱን ሲያብራራ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ከእሳቸው ጨዋታዎች መምረጥ ያለብን ሳቁ በድርጊት ላይ የቆመውን ነው።

ሁሉንም ከባዶ መጻፍ አያስፈልግም። ደራሲዋ ኤልዛቤት ሌርድ ከብሪቲሽ ካውንስል ጋር ሆና በየክልሉ ከተራኪዎች አፍ የሰበሰበቻቸው የኢትዮጵያ ተረቶች በቀላል እንግሊዝኛ ለተማሪ ንባብ ተዘጋጅተዋል። በደቡብ አፍሪካ የተጀመረው አፍሪካን ስቶሪቡክ የተባለው ድረ ገጽም በተለያዩ የአፍሪካ ቋንቋዎችና በእንግሊዝኛ አውርደው የሚያትሟቸውን ሥዕላዊ ታሪኮች በነጻ ያቀርባል። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለበት ሰፈር ሁሉ ከዚህ ሊጠቀም ይችላል።

በሬዎቹን ይዞ አንድ ሳምንት

ነጭ፣ ጥቁርና ቀይ በሬ አብረው ይኖራሉ። ሦስቱ አንድ ላይ ሲቆሙ አንበሳው ይፈራቸዋል። ስለዚህ ለጥቁሩና ለቀዩ «ነጩ ጓደኛችሁ በጨለማ ይታያል፣ ጠላት ያመጣባችኋል» ይላቸዋል፤ ዝም ሲሉ ነጩን ይበላዋል። ቀጥሎ አንዱን በሌላው ላይ እያስነሳ ሁሉንም ይጨርሳቸዋል። ይህን በ150 የእንግሊዝኛ ቃል መጻፍ ይቻላል። ለሰባተኛ ክፍል ተማሪ አዲስ የሚሆኑት ሦስት ቃላት ብቻ እንዲሆኑ አድርጎ መሥራት ነው፤ «ኦክስን» (በሬዎች)፣ «ሻይን» (ማብራት) እና «ኤኒሚ» (ጠላት)። የቀሩት ቀለማት፣ «ላየን»፣ «ናይት»፣ «ፍሬንድ»፣ «ዌንት»፣ «ሴድ»፣ «ሶው»፣ «ኤት»፣ «ኬም ባክ» የሚባሉት ናቸው።

የመጀመሪያው ቀን ጽሑፍ አይታደልም። መምህሩ ሰሌዳው ላይ አምስት ቀላል ሥዕሎች ይሥላል፤ ሦስቱ በሬዎች፣ አንበሳው ሲያያቸው፣ ሲያንሾካሹክ፣ ነጩ ሲበላ፣ መጨረሻ ላይ የቀረው ብቻውን ሲቆም። ሥዕሉ መናኛ ቢሆን ግድ የለም። ሦስቱን አዲስ ቃላት በሥዕሉ ላይ እየጠቆመ ካስተዋወቀ በኋላ ታሪኩን በእንግሊዝኛ ሁለት ጊዜ ይተርካል፤ ከዓረፍተ ነገር ወደ ዓረፍተ ነገር ሲሸጋገር ትንፋሽ እየወሰደ፣ 150ውን ቃል በሦስት ደቂቃ ገደማ። ሁለተኛው ትረካ ላይ ተማሪዎቹ በነጭ፣ በጥቁርና በቀይ የተቀባ ቁራጭ ወረቀት ይዘው የበሬው ቀለም ሲጠራ ያነሳሉ። ይህ የልጅ ጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ ግን ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ማን እየሰማ እንደሆነና ማን የጎረቤቱን እጅ እያየ እንደሚያነሳ በአንድ ዓይን ለማየት ከዚህ የቀለለ ዘዴ የለም።

በሁለተኛው ቀን ጽሑፉ ይመጣል። አንድ ገጽ ላይ ሁለት ቅጂ አድርጎ ገጹን ለሁለት መቁረጥ ነው፤ ለሁለት ልጅ አንድ ቁራጭ ከተሰጠ ስልሳ ተማሪ ላለው ክፍል 15 ገጽ ፎቶ ኮፒ ይበቃል። መጀመሪያ መምህሩ ሲያነብ በጣት ይከተላሉ፣ ቀጥሎ ጥንድ ጥንድ ሆነው ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ይቀባበላሉ። ሥራው እዚህ ላይ የሚበላሽበት አንድ ልማድ አለ። መምህሩ አንዷን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ያነብና ወዲያው በአማርኛ ይተረጉማታል። በሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ተማሪው እንግሊዝኛውን መስማት ያቆማል፤ አማርኛው እንደሚመጣ ያውቃላ። አማርኛው ከታሪኩ በፊት ይምጣ፣ ከታሪኩ በኋላም ይምጣ፣ መሀል ላይ ግን አይግባ።

ሦስተኛው ቀን የግሥ ቀን ነው። ያው ጽሑፍ ግሦቹ በሙሉ ተነስተውለት ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ ተማሪዎች ይሞላሉ። የኃላፊ ጊዜ ግሥ በዝርዝር ሲሸመደድ በሳምንቱ ይረሳል፤ «ዌንት» ከአንበሳው አካሄድ ጋር፣ «ኤት» ከነጩ በሬ ጋር ከታሰረ ግን ይቆያል። በ«ኢዲ» የሚያልቁት ግሦች ላይ ድምፁን ለይቶ ማስተማር ይገባል፤ «ዎክት»፣ «ሊቭድ»፣ «ዋንቲድ»፣ ሦስቱ መጨረሻቸው ለየቅል ነው። ብዙ ተማሪ የመጀመሪያውን «ዎክድ» ይለዋል፤ የተጻፈውን ስለሚያነብ ነው።

በአራተኛው ቀን ታሪኩን መቀየር ነው፤ አንበሳው ጅብ ይሁን፣ በሬዎቹም ፍየሎች ይሁኑ፣ መጨረሻውንም ተማሪዎቹ ይወስኑ። ይህ ለሽምደዳ ሁነኛ መድኃኒት ነው። ከኛ ልጆች 150 ቃል በቃሉ የሚይዝ ብዙ ነው፤ ከፍ ባለ ድምፅ ሲወጣው ለወላጅም ለዳይሬክተርም ያስደስታል። ጅቡ ሲመጣ ግን የሸመደደው ልጅ ይቆማል፤ የገባው ልጅ እየተንተባተበም ቢሆን ይቀጥላል። ማን የቱ ጋ እንዳለ የሚታወቀው ያኔ ነው።

የአማርኛው ቅርጽ የሚገባበት ቦታ

ተረቱ የቋንቋችንንና የእንግሊዝኛን ልዩነት ፊት ለፊት ያመጣል፤ መምህሩ የት የት እንደሚመጣ አስቀድሞ ካወቀ ግማሹ ሥራ ቀለለ። ከሚያግዘው እንጀምር። አማርኛ ሲተርክ «አንድ አንበሳ ነበረ» ይልና ቀጥሎ «አንበሳው» ይላል። እንግሊዝኛም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ «ኤ ላየን»፣ ቀጥሎ «ዘ ላየን»። በሰዋስው መጽሐፍ ሁለት ገጽ የሚፈጀውን ይህን ነገር ልጁ ከአያቱ ተረት ያውቀዋል፤ ማሳየት ብቻ ነው የሚቀረው።

የሚያስቸግረው «ሰምቶ፣ ተነስቶ፣ ሄዶ በላው» እያልን ግሦቹን አንድ ላይ የምንሰፋበት አነጋገር ነው። በአማርኛ ጊዜውን የሚናገረው የመጨረሻው ግሥ ብቻ ነው። ተማሪው ይህንኑ ወደ እንግሊዝኛ ሲወስድ የፊቶቹን ግሦች ጥሬ አድርጎ መጨረሻው ላይ ብቻ ኃላፊ ጊዜ ያስገባል፤ ወይም «ሂ ወዝ ዌንት» ይላል፤ «ሄዶ ነበር» የሚለው ጆሮው ውስጥ ስላለ ነው። ፈውሱ ዓረፍተ ነገሩን ሰብሮ እያንዳንዱን ግሥ በየራሱ ኃላፊ ጊዜ ማስቀመጥ ነው፤ «ሂ ኸርድ። ሂ ስቱድ አፕ። ሂ ዌንት። ሂ ኤት።» መጀመሪያ አጫጭር ሆነው ይቁሙ፣ በሁለተኛው ሳምንት «ኤንድ» እና «ዜን» ያያይዟቸው። ተማሪው ረጅም ዓረፍተ ነገር የመጻፍ ጉጉት አለው፤ ማርዘም ያለበት ግን አጭሩን ሳይሳሳት ከጻፈ በኋላ ነው።

ሌላው የሰው ንግግር ነው። አማርኛ «አንበሳው እረዳችኋለሁ አላቸው» ይላል፤ ተናጋሪው ራሱ እንደተናገረው ይቀመጣል። ተማሪው «ዘ ላየን ቶልድ ዘም አይ ዊል ሄልፕ ዩ» ብሎ ይጽፋል፤ ለእንግሊዝኛ ሰሚ ግን «አይ» የተባለው ማን እንደሆነ ይምታታበታል። መጀመሪያ ንግግሩን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብቶ በድርጊት ማስጫወት ነው፤ አንዱ አንበሳ፣ አንዱ በሬ ሆኖ። ቀጥሎ ሦስተኛ ልጅ ይነሳና ላልሰማ ሰው ያወራል፤ «ዘ ላየን ቶልድ ዘም ሂ ዉድ ሄልፕ ዘም»። የ«አይ» ወደ «ሂ» መቀየር በሕግ ሲነገር ጭንቅ ነው፤ ሦስት ልጆች ቆመው ሲያሳዩት ግን ይታያል።

አፍ ላይ የሚያስቸግሩም አሉ። ቃሉ በ«ስ» ጀምሮ ሌላ ተነባቢ ሲከተል «እ» ከፊታቸው ትገባለች፤ «እስኩል»፣ «እስትሮንግ»፣ «እስቱድ»። «ስ»ን እንደ እባብ ስስስስ ብሎ ጎትቶ ሳያቋርጡ ወደ «ቱድ» መግባት ነው፤ በየቀኑ አንድ ደቂቃ ብትሰጠው በወር ውስጥ ይለቃል። በዚህ ጽሑፍ እንግሊዝኛውን በፊደላችን ብንጽፈውም ተማሪው ደብተሩ ላይ ከእያንዳንዱ ቃል በላይ አነባበቡን በፊደል የመጻፍ ልማድ ካለው ቀስ በቀስ እንዲተወው መርዳት ያስፈልጋል። በፊደል ሲጻፍ ያች «እ» ተመልሳ ትገባለች፤ «ሺፕ» ሲባልም መርከቧና በጓ አይለዩም።

ሳያነብ የሚመልስ ተማሪ

አሁን ወደ ዋናው አደጋ። ታሪኩን የሚያውቅ ልጅ ጽሑፉን ሳያነብ ጥያቄውን ሊመልስ ይችላል። «መጀመሪያ የተበላው የትኛው በሬ ነው?» ቢባል «ኋይት» ይላል፤ ትክክል ነው ይባልለታል፤ እንግሊዝኛ ግን አልተማረም። በየትምህርት ቤቱ «በተረት ሞክረነው ልጆቹ ወደዱት፣ ውጤቱ ግን አልተለወጠም» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የተነሳ ነው።

መፍትሔው በእንግሊዝኛው ጽሑፍ ውስጥ ሆን ብሎ ሁለት ወይም ሦስት ለውጥ መትከል ነው። በጽሑፉ መጀመሪያ የተበላው ቀዩ ይሁን፤ አንበሳው የመጣው በማለዳ ይሁን፤ በሬዎቹ ወንዝ ዳር ይኑሩ። ከዚያ ለተማሪዎቹ አንድ ነገር ብቻ መናገር፦ «ይህ ጽሑፍ እናንተ ከምታውቁት ተረት በሦስት ቦታ ይለያል። ፈልጉ።» ክፍሉ ይለወጣል። በትዝታው የሚመልሰው ልጅ ይሳሳታል፤ ቃል በቃል ያነበበው ያገኛል፤ ያገኘውም «ኖ! ዘ ረድ ኦክስ!» ብሎ ይጮሃል። ለውጡ ከሦስት ከበለጠ ግን ታሪኩ የሚታወቅ መሆኑ ይቀርና ጥቅሙ አብሮ ይሄዳል። ለውጦቹም በታወቁ ቃላት ላይ ይሁኑ፤ ልጁ በማያውቀው ቃል ላይ የተተከለ ለውጥ ፍለጋውን ወደ ግምት ይለውጠዋል።

ኳስ፣ ሩጫና ፊልም

በኳስ ለማስተማር የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የቀጥታ ኮሜንታሪ ያመጣል። ለጀማሪ አይሆንም። ኮሜንታተሩ ቶሎ ቶሎ ይናገራል፣ ግማሹ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አይደለም፣ የተመልካቹ ጩኸት ይሸፍነዋል። ከዚያ የሚሻለው ከጨዋታው በኋላ የሚጻፈው አጭር ዘገባ ነው። ቅዳሜ የታየ ጨዋታ ሰኞ ዕለት በ120 ቃል ቢቀርብ ውጤቱ ይታወቃል፣ ጎሎቹ ይታወቃሉ፣ ግሦቹም እንደ ተረቱ በኃላፊ ጊዜ ናቸው። ልጁ ይዟቸው የሚመጣቸው ቃላትም ብዙ ናቸው፤ ጎል፣ ፋውል፣ ኦፍሳይድ፣ ፔናሊቲ። ግን ሁሉም እንግሊዝኛ አይደሉም። «ሪጎሬ» እና «ማኖ» ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ «አውት» ብለን የምንጠራውን በእጅ የሚወረወር ኳስም እንግሊዝኛው «ስሮው ኢን» ይለዋል። እነዚህን ለይቶ ማሳየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

በኳስ ክፍለ ጊዜ የሚበላሸው ነገር ክርክሩ ነው። አርሰናልና ማንቸስተር ዩናይትድ ከተነሱ ክፍሉ በአማርኛ ይፈነዳል። ስለዚህ ማንም ከመናገሩ በፊት ለሁለት ደቂቃ ሁሉም ሦስት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ይጻፍ፤ ክርክሩ በጻፉት ይሁን። ደግሞ ኳስ የሁሉም አይደለም። ብዙ ሴት ልጆች ዲኤስቲቪ ቤት አይገቡም፣ ቤተሰብም አይፈቅድም። በየሳምንቱ በኳስ የሚያስተምር መምህር የክፍሉን ግማሽ ከጨዋታ ውጭ እያደረገ ነው።

ሩጫ ግን የሁላችንም ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ ማሸነፉን፣ በ1964 ደግሞ ትርፍ አንጀቱን በተቀደደ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቶኪዮ ላይ መድገሙን የማያውቅ ቤት ጥቂት ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትር ካሸነፈች በኋላ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞረዋል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2000 ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው። እነዚህ ታሪኮች ተረቱ የማይሰጠውን ይሰጣሉ፤ ቁጥር። ተማሪዎቻችን ቁጥርን በአማርኛ ያስባሉ፣ በእንግሊዝኛ ሲጠየቁ ይዘገያሉ። 1960ን «ናይንቲን ሲክስቲ» ብሎ ለሁለት ከፍሎ ማንበብ፣ 0.09ን «ዚሮ ፖይንት ዚሮ ናይን» ማለት፣ «ፈርስት»ና «ሰከንድ»ን ከሰዓቱ «ሰከንድስ» መለየት፣ ሁሉም ለፊዚክስ ክፍል የሚሆን ስንቅ ነው።

ፊልም ላይ ተስፋ የሚጥሉ ወላጆች ብዙ ናቸው። ኤምቢሲ 2ን በናይልሳት ለዓመታት ያየ ልጅ ድምፁን ቢሰማም ከሥር የሚያልፈው ጽሑፍ ዐረብኛ ስለሆነ ቃሉን ከጽሑፉ ጋር አያገናኘውም። ቃና ቴሌቪዥን በ2016 እ.ኤ.አ. ከመጣ ወዲህ የውጭው ድራማ በአማርኛ ይናገራል፤ በስልክ የሚዞሩት «ትርጉም» የተባሉ ፊልሞችም እንግሊዝኛውን በአማርኛ ተራኪ ይሸፍኑታል። ለመዝናናት ጥሩ ናቸው፤ ለእንግሊዝኛ ግን አይቆጠሩም። ልጁ አስቀድሞ በአማርኛ ያየው ፊልም ካለ ግን ሀብት ነው፤ ታሪኩን ያውቃላ። የዚያኑ ፊልም ሁለት ደቂቃ ቁራጭ በእንግሊዝኛ ድምፅና በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ማግኘት፣ መጀመሪያ ድምፁን ዘግቶ ምን እየተባለ እንደሆነ መገመት፣ ቀጥሎ ከነጽሑፉ፣ መጨረሻ ላይ ጽሑፉን ሸፍኖ መስማት። ዩቲዩብ ላይ ከሆነ ፍጥነቱን ወደ 0.75 ማውረድ ይቻላል፤ ከዚያ በታች ከወረደ ድምፁ ይጎተትና ቃላቱ ይበላሻሉ። አውቶማቲክ የሚወጣው ጽሑፍ ስሞችን ስለሚያሳስት መምህሩ አስቀድሞ ይየው። ኔትወርክና መብራት በማይታመንበት ሰፈር ቁራጩን ቀድሞ አውርዶ ሚሞሪ ካርድ ላይ ማስቀመጥ ግድ ነው።

መናገር፣ ብዛትና ቤት

ስልሳ ተማሪ በ40 ደቂቃ ውስጥ እያንዳንዱ ተነስቶ መናገር አይችልም። በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ግን ይቻላል። ተማሪው በወላጁ ስልክ ታሪኩን በአንድ ደቂቃ ተርኮ ይልካል፤ መምህሩ በሳምንት የአሥር ልጆችን ይሰማል፤ በስድስት ሳምንት ክፍሉ ይዳረሳል። እርማቱ አንድ ነገር ላይ ብቻ ይሁን፤ በዚያ ሳምንት ኃላፊ ጊዜ ከሆነ ኃላፊ ጊዜ ብቻ። አሥር ስህተት የተነገረው ልጅ በቀጣዩ ሳምንት መልእክት አይልክም። በክፍል ውስጥ ደግሞ ተሳስቶ የተሳቀበት ልጅ ለዓመት ዝም ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ ከጓደኛው ጋር፣ ቀጥሎ በአራት፣ መጨረሻ ላይ ብቻ በክፍሉ ፊት።

አንድ ታሪክ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1983 ኤሊ እና ማንጉብሃይ የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት የፊጂ ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅማል። በገጠር ትምህርት ቤቶች ለ4ኛና ለ5ኛ ክፍል ተማሪዎች 250 የሚያህሉ ሥዕላዊ የእንግሊዝኛ ታሪክ መጻሕፍት ተሰጡ፤ በስምንት ወር ውስጥ በንባብና በማዳመጥ የነበራቸው መሻሻል ከተለመደው እጥፍ ያህል ሆነ። አንድ አዲስ ቃል እንዲቀመጥ አሥር ጊዜ አካባቢ በተለያየ ቦታ መገናኘት ያስፈልጋል። ስለዚህ «ኤኒሚ» ከበሬዎቹ ተረት ወደ ቀበሮዋ ተረት፣ ከዚያ ወደ ኳሱ ዘገባ መሻገር አለበት። 250 መጽሐፍ ማግኘት ለማይችል ትምህርት ቤት በሳምንት አንድ ግማሽ ገጽ ታሪክ እያጠራቀሙ በካርቶን ማኅደር ማስቀመጥ በዓመት ሠላሳ ያህል ይሰጣል፤ የዘንድሮዎቹ የጻፏቸው የተቀየሩ ታሪኮች ከታከሉበት ደግሞ ለሚቀጥሉት ተማሪዎች የንባብ ሣጥን ይሆናል።

እንግሊዝኛ የማይችሉ ወላጆች «እኛ ምን ልንረዳው» ይላሉ። ይችላሉ። ልጁ አምስቱን ሥዕሎች በአምስት ቁራጭ ወረቀት ሥሎ ወደ ቤት ይውሰድ። እናቱ ታሪኩን ስለምታውቅ ቅደም ተከተሉን ታውቃለች። ልጁ በእንግሊዝኛ እየተረከ የደረሰበትን ሥዕል በጣቱ ይጠቁም፤ እሷ የቋንቋውን ነገር ትታ የትኛው ሥዕል ላይ እንደቆመና የትኛውን ዘሎ እንዳለፈ ትይ። የዘለለው ሥዕል ጀርባ ላይ በእርሳስ ምልክት ታድርግበት። ልጁ የእንግሊዝኛ ቃል ያጣው እዚያ ላይ ነው፤ በነጋታው ያንን ወረቀት ይዞ መምህሩ ዘንድ ይሂድ።